ከብረት ሥር የተገኘ ብር

ኦገስት 19

ገበሬው ፓስክ ስንዴውን ትናንት አጭዶ ጨረሰ። ዛሬ ጠዋት እኔና ክሌም የካህናት ማሳ በር ላይ ቆመን የመጨረሻው የገለባ ጥቅል እስኪወጣ ጠበቅን። ይህን ማሳ ፀጉራችን ጥቁር ሳለ ጀምረን በብረት ፈላጊ መሣሪያ ስንፈትሸው ኖረናል፤ አሁንም አላለቀም። ማረሻ በየዓመቱ የታችኛውን አፈር ወደ ላይ፣ የላይኛውን ወደ ታች ይገለብጣል። አምና ባዶ የነበረ መስመር ዘንድሮ ይሰጣል።

ከአጨዳ እስከ ዘር ያለችው ጊዜ የእኛ ናት። ኦክቶበር ገብቶ ፓስክ ሲዘራ እግራችንን ማሳው ላይ አናሳርፍም። ይህን ቃል የገባነው ለአባቱ ነው፣ በመጨባበጥ። ወረቀት የለውም፤ ስለሌለውም ማንም አፍርሶት አያውቅም።

የዛሬ ግኝት። ለእኔ፦ ሚስማር፣ ሚስማር፣ የበር ማጠፊያ። ለክሌም፦ አንዲት የብር ሳንቲም፤ ሰባት መቶ ዓመት ያለፋት፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ። እኔ ባለፍኩበት መስመር ከኋላዬ እየመጣ ነው ያገኛት።

ዕድል ነው።

ኦገስት 20

ባለቤቴ ኢኒድ ምሳ ላይ እንደ ልማዷ አጉተመተመች። ደጋግሜ አስደገምኳት። "ተወው" አለች በመጨረሻ፤ ያቺን ቃል ግን ጥርት አድርጋ ነው ያለቻት። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካስገባች ወዲህ ቃላቱን ታኝካቸዋለች።

ማንቆርቆሪያውም ፉጨቱን አቁሟል። ውሃው አልቆ ታቹ ሊቃጠል ሲል ደረሰችበት። ዕድሜ ልኬን ትራክተር ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝና አፉን ፈትቼ አጸዳሁት፣ መልሼ ገጠምኩት። አሁንም አያፏጭም። የዛሬ ዘመን ዕቃ እንዲህ ነው።

የመሳቢያውን ነገር ደግማ አነሳች። "እንደተሰጠህ ተቀምጧል፣ አቧራ እየጠጣ" አለች። ጋዜጣዬን ገለጥኩ።

ኦገስት 23

ዛሬም ብረት ብቻ።

ሌሎቹ ፈላጊዎች ሄድፎን ያደርጋሉ፤ እኔ አላደርግም። መሬቱን ከነአየሩ መስማት እወዳለሁ። መሣሪያዬ ብረት ሲያገኝ ድምፁ ወፍራም ነው፣ እንደ በሬ ያገሳል። ብር ሲያገኝ ደግሞ ቀጭን ነው፣ እንደ ጫጩት። ዘንድሮ በሬው እንጂ ጫጩቷ የለችም። ማሳው ብሩን ጨርሶ ሊሆን ይችላል ብዬ እንዳልጽፍ ክሌም ያገኛል።

"ሆራስ፣ አለፍካት እኮ" አለኝ ከኋላዬ።

"ምኗን?"

"መሣሪያህ ጮኸ። እዚህ ጋ።"

"አልጮኸም።"

"እንደ ጫጩት ጮኸ እንጂ!"

"ክሌም፣ መሣሪያውን የያዝኩት እኔ ነኝ።"

ጎንበስ ብሎ ቆፈረ። ግማሽ ሳንቲም አወጣ፤ የጥንት ሰዎች ዝርዝር ሲያጥራቸው ከሁለት የሚቆርጧት ዓይነት። ሊሰጠኝ ፈለገ። "አንተ ያገኘሃትን እኔ አልወስድም" አልኩት። የተገኘ ነገር ያገኘው ሰው ስምና የተገኘበት ቦታ ከሌለው ዋጋ የለውም። አድራሻ የሌላት ሳንቲም ወላጅ አልባ ናት። ይህን ከማንም አልተማርኩም፤ ራሴ ነኝ የደረስኩበት።

ክሌም ጎትስ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው። አባቱ የመንደሩ አንጥረኛ ነበር፣ ለፈረስ የብረት ጫማ የሚያደርግ። መጋዘኑ እስከ ዛሬ በአባቱ ዝገት ተሞልቷል፤ አንዲት ሚስማር አይጥልም። ከሁሉ የሚወዳት ግን በትንባሆ ቆርቆሮ ውስጥ በጥጥ ጠቅልሎ ኪሱ የሚይዛት አንዲት የብር ሳንቲም ናት። ከወንዙ ማዶ ሲያገኛት አካፋው የንጉሡን አገጭ ጭሮታል። ከጓሉ ውስጥ ለቅማ ያወጣቻት ሚስቱ ዶሪን ነበረች፤ ነፍሷን ይማር። እኔ ክረምቱን ሙሉ "ንጉሥ ቆራጭ" እያልኩ ሰደብኩት። ዶሪን ትስቅ ነበር።

አንድ ነገር አስተዋልኩ። ድሮ መሣሪያውን እያወዛወዘ በጥርሱ መሃል መዝሙር ያፏጭ ነበር፤ ሁልጊዜም እዚያው ቦታ ላይ ሲደርስ ዜማውን ይስታል። "ዝም በል፣ መሬቱን አስደነገጥከው" እለዋለሁ። ዶሪን በሞተችበት ዓመት እንኳ አላቆመም። ዘንድሮ አያፏጭም። አኩርፎኛል ማለት ነው። ምን አድርጌው ይሆን?

ኦገስት 30

ከባድ ቀን። መጻፍ አልፈልግም ነበር።

መሣሪያ ተቀያየርን። የእሱን እኔ ያዝኩ፣ የእኔን እሱ። የተበላሸው የእኔ ከሆነ ይታያል አልኩ። ቀኑን ሙሉ ሄድን። ለእኔ ብረት። ለእሱ፣ በእኔው መሣሪያ፣ ሁለት የብር ሳንቲም።

ሻይ ልንጠጣ አጥሩ ሥር ተቀመጥን። እሱ ከፔርሙዙ እየቀዳ ሳለ አፌ አመለጠኝ።

"ከኪስህ እያወጣህ ነው እንጂ እኔ ባለፍኩበት መሬት ላይ ብር አልነበረም።"

እጁ ቆመ። ሻዩ ከጽዋው ሞልቶ ፈሰሰ።

"ከኪሴ?" አለ።

"ከኪስህ። ልትስቅብኝ።"

ክሌም መልሶ ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ለረጅም ጊዜ አየኝ፤ ፊቴን ሳይሆን የፊቴን ጎን። ከዚያ "ሻይህ ይቀዘቅዛል" አለ።

ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። ሽንኩርት ያለበትን የአይብ ሳንዱቼን ግማሹን ሰጠሁት። በላው። ይህ እንደ ይቅርታ ይቆጠር እንደሆነ አላውቅም።

ሴፕቴምበር 3

ፓስክ ከትራክተሩ ላይ ሆኖ ለሠራተኛው ሲናገር ሰማሁ። ድምፁ እንደ ከበሮ ስለሆነ ሹክሹክታ አይችልም። "የሚያገኘው ክሌም ነው፤ ሆራስማ መሬት ነው የሚያርስልኝ። የናፍጣ ወጪ ቀነሰልኝ።" ሳቁ።

የቆፈርኩትን ጉድጓድ ሁሉ ደፍኛለሁ። አንድም አልተውኩም።

ሴፕቴምበር 6

ነገርኩት። "ፓስክ እስኪዘራ ድረስ አንዲት ብር በእጄ ካላገኘሁ መሣሪያውን እሸጠዋለሁ።"

"ቀልድህን ነው።"

"መቼ ቀልጄ አውቃለሁ?"

"እሱስ እውነት ነው" አለ ክሌም። አካፋውን መሬት ላይ ተክሎ ተደገፈበት። "አንተ ከቀረህ እኔ ምን ላድርግ?"

"ብቻህን ትመጣለሃ። ብሩ እንደሆነ የአንተ ወዳጅ ነው።"

"ብቻዬን? ማን ይሰድበኛል?"

አዲስ ስድብ ፈለግኩለት። ቤት ገብቼም አላገኘሁለትም።

ሴፕቴምበር 7፣ እሑድ

የኢኒድ የእህት ልጅ ለምሳ መጣች። ጥሩ ልጅ ናት፣ ጮክ ብላ ነው የምትናገረው። "አጎቴ፣ ሀብታም ካላደረገህ ምን ያደርግልሃል ታዲያ?" ብላ ጠየቀችኝ። "እግር ያፍታታል" አልኳት። ሁሉም ሳቁና ወደ ኬኩ ተመለሱ።

ውሸት አልነበረም፤ መልስም ግን አልነበረም። አሁን ቤቱ ጸጥ ሲል ልመልስላት።

ሰው ወርቅ የምንፈልግ ይመስለዋል። ወርቅ የሚፈልግ ሰው ወር ሳይሞላው መሣሪያውን ይሸጣል። ድምፁን ሰምተህ አካፋህን ስትተክል፣ አፈሩ ተገልብጦ ነገሩ እስኪታይ ድረስ ያለችው ጊዜ ናት ዋናዋ። እዚያ ውስጥ ገና ምንም አልሆነም፣ ስለዚህም ሁሉም ነገር ሊሆን ይችላል። በኔ ዕድሜ ሁሉም ነገር ሊሆን የሚችልበት ሌላ ቦታ የለም። ሐኪም ቤትም ሆነ ቤተ ክርስቲያን የሚነግሩኝን አስቀድሜ አውቀዋለሁ።

ደግሞ የጣለው ሰው አለ። አንድ ጊዜ የልብስ ሰፊ የጣት ቆብ አገኘሁ፣ ትንሽ፣ የሴት ልጅ። አንዲት ልጅ በአንድ ምሽት እየተጎነበሰች ስትፈልጋት፣ ሲመሽባትም ተቆጪ ወደ ጠበቃት ቤት እያለቀሰች ስትገባ ታየኝ። ያንን ምሽት በዓለም ላይ የሚያውቅ ማንም የለም። እኔ ብቻ አራት መቶ ዓመት ዘግይቼ መጥቼ "ይኸው፣ ተገኘች" አልኳት። ከእሷ እጅ ወደ እኔ እጅ፤ መሃላችን ማንም የለም። ትምህርት ቤት የተውኩት ልጅ ሳለሁ ነው። ታሪክን በእጄ ያስያዘኝ አስተማሪ አልነበረም። ማሳው አስያዘኝ። ላቲንን በሽምግልናዬ ከመጽሐፍ የተማርኩት የሳንቲም ዙሪያ ጽሑፍ ለማንበብ ነው፤ ማንም አላዘዘኝም።

ሌላም አለ። ከሌላ ሰው ጋር ቀኑን ሙሉ ቃል ሳትለዋወጥ ውለህ፣ ሲመሽ አብረህ እንደዋልክ የምታውቅበት ሥራ ብዙ የለም። ይህን ለክሌም ነግሬው አላውቅም። ደግሞ ምን ብዬ?

ሴፕቴምበር 13

ብር!

ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

በማሳው ጥግ፣ የዋርካ ያህል ከተንዠረገገው ኦክ ዛፍ አጠገብ፣ ወፍራም ድምፅ መጣ። ሌላ ሰው ብረት ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ ቆፈርኩ። የፈረስ ጫማ። እሱን ሳነሳ ከሥሩ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት፣ የብር ሳንቲም ብልጭ አለች። የንጉሥ ኤድዋርድ ዘመን ናት። መስቀሉ ሙሉ፣ ፊቱ ሙሉ።

ክሌምን ልጠራ ቀና ስል ገና ሳልጠራው እየመጣ ነበር።

"ብር ናት?" አለ፣ ሳያያት።

"አዎ ብር ናት!"

"አላልኩህም?" አለና ጀርባዬን መታኝ። እሱ ከእኔ የባሰ ደስ አለው። ዓይኑ ውሃ ቋጠረ። ከኔ የተሻለ ሰው ነው፤ እኔ የእሱን ብሮች ሳይ እንዲህ አልሆንኩም።

አፈሩ ልስልስ ነበር። ፍልፈል ሠርቶበታል መሰለኝ።

ሴፕቴምበር 14

ሌላ! ደግሞም ከፈረስ ጫማ ሥር። ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ከመጣ ድንገት አይደለም።

ሴፕቴምበር 18

ሦስተኛዋ ትናንት መጣች፣ ከሥሯ የተነሳውም የፈረስ ጫማ ነው። ነገሩን ሳሰላስል ሰነበትኩ። የጥንት ገበሬዎች እርሻቸው እንዲባረክ ብሩን ከብረት ሥር ይቀብሩ ነበር ማለት ነው። ብረቱ ጠባቂ፣ ብሩ ስእለት። ይህን የጻፈ ሰው የለም። መጽሐፎቼን ሁሉ አገላበጥኩ፣ የለም። በኦክቶበር የፈላጊዎች ማኅበር በመጠጥ ቤቱ የኋላ ክፍል ሲሰበሰብ አነባለሁ። አምስት ገጽ ጽፌያለሁ።

ለክሌም ሳስረዳው ሳንዱቹ ጉሮሮው ላይ ቆመ።

"ታነባለህ? ለሰው ሁሉ?"

"ለሰው ሁሉ።"

"ሆራስ... ትንሽ ብትቆይስ? ክረምቱን አስብበት።"

"የሚያስቡበት እስኪያስቡ የሚሠሩበት ይቀድሟቸዋል።"

ቀናብኝ ብዬ አሰብኩ። አሁን ሳስበው ክሌም ቀንቶ አያውቅም።

ሴፕቴምበር 20

ሙዚየም ሄድኩ። ገበሬዎችና ፈላጊዎች ያገኙትን የምትመዘግበው ታምሲን የምትባል ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ ጥፍሯ ግን እንደኛ አፈር ያለበት። ሳንቲሞቹን አይታ ተደሰተች። የቦታቸውን ቁጥር ሰጠኋት፣ ጻፈች። ከዚያ ከፈረስ ጫማዎቹ አንዱን አገላበጠች።

"ሚስተር ላርተር፣ ይህ ብረት የአያቴን ያህል እንኳ አላረጀም።"

"ሳንቲሟ ከሥሩ ነበረች። በዓይኔ ነው ያየሁት።"

"ዓይንዎን አልተጠራጠርኩም" አለች፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ሌላም ነገር አለች፤ አልያዝኩትም። የዛሬ ልጆች አፋቸውን አይከፍቱም።

"ለጊዜው" ብላ መዘገበችው። ለጊዜው! በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከኔ የመጣ ቦታ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ተቆጥቼ ወጣሁ።

ሴፕቴምበር 27

አራተኛ። ከፈረስ ጫማ ሥር። ጭቃ ደርቆባታል። ክሌም ዛሬ ስሟገተው ፊቱን ወደ ወንዙ ያዞራል። ስንለያይ "በደንብ ያዛት፣ እሺ?" አለኝ። ምን ማለት ነው? እኔ ምን ጥዬ አውቃለሁ?

ሴፕቴምበር 28

ሳንቲሟን ንጹሕ ውሃ ውስጥ አሳደርኳት። እኔ አልፈትግም፤ የሚፈትግ ሰው አረመኔ ነው። ጠዋት ጭቃው ለቀቀ።

የንጉሡ አገጭ ላይ ጭረት አለ።

ሴፕቴምበር 29

ዝናብ። አልወጣሁም።

ሴፕቴምበር 30

ከትናንት ጀምሮ በማጉያ መስታወት ሳያት ውያለሁ። ያቺው ናት። አካፋው ከታችኛው ከንፈር ጀምሮ እስከ አንገት የጫረው። ክረምቱን ሙሉ የሳቅኩበት። ከወንዙ ማዶ፣ ከሌላ ሰው ማሳ፣ ከዶሪን እጅ የመጣችው።

ከኪሱ አውጥቷት ነው። ሌሎቹ ሦስቱም ከእሱ ናቸው፣ የአባቱም የፈረስ ጫማዎች። "ከኪስህ" ብዬ መንገዱን ያሳየሁት እኔው ነኝ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። አሾፈብኝ አልኩ። አምስት ገጽ ጽፌ በሰው ፊት ላነብ! የማሳውን ታሪክ በውሸት ሞላው፤ በእኔ ስም፣ በእኔ እጅ። ኮቴን አንስቼ ልወጣ በሩ ድረስ ሄጄ ነበር።

እዚያ ቆሜ ግን አንድ ነገር አልገጥም አለኝ። ሊያሾፍብኝ ቢፈልግ በጥጥ የጠቀለላትን ለምን ይቀብራል? ይህቺን የቀበረ ሰው ሌላ የሚቀብረው አልቀረውም ማለት ነው። ደግሞስ ከብረት ሥር ለምን? ብር ብቻዋን ብትቀበር ቀላል ነበር። ለምን ብረት ጨመረባት?

መልሱን አውቀዋለሁ። ዛሬ አልጽፈውም።

ኦክቶበር 1

ኢኒድ ጓዳ ሳለች ማንቆርቆሪያውን ጥጄ ፊት ለፊቱ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ጠበቅኩ። እንፋሎቱ ከአፉ ቀጥ ብሎ ወጣ። አንገቴን አስጠጋሁ። ክዳኑ ተንቀጠቀጠ። ምንም የለም።

"ሆራስ!" ብላ ኢኒድ ከጓዳ ጮኸች። "ኧረ ማንቆርቆሪያው! ጆሮ በጠሰ እኮ!"

ማንቆርቆሪያው ደህና ነው።

ኦክቶበር 2

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ለሐሜት ነበር። የእኔ ጆሮ ወፍራሙን ትቶልኝ ቀጭኑን ብቻ እየመረጠ ይዞ ሄዷል፤ ብሩን ወስዶ ብረቱን አስቀረልኝ። ክሌም ይህን ከእኔ በፊት አወቀ። ስለዚህ ብሩን እኔ በምሰማው ድምፅ ሥር ቀበረልኝ። ብረት ጠባቂ አይደለም፤ መጥሪያ ነው።

ወደ ቤቱ ሄድኩ። ልሰድበው ነበር የሄድኩት፣ ቃሉንም መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። ክሌም ከጓሮ እስኪመጣ መጋዘኑ ደጃፍ ቆምኩ። በግድግዳው ላይ የአባቱ የፈረስ ጫማዎች እንደ ተሰቀሉ አሉ። ከመካከላቸው አራት ቦታ ባዶ ነው። ብረቱ ባይኖርም ቅርጹ አቧራው ላይ ቀርቷል፣ ነጭ ሆኖ።

"ምን ፈልገህ ነው?" አለኝ ከኋላዬ። መምጣቱን አልሰማሁም ነበር።

ከንፈሩን እያየሁ "ምንም" አልኩ። "ሳልፍ ነው።"

ግድግዳውን እንዳየሁ አየ። ፊቱ ቀላ። ሁለታችንም ስለ ዝናቡ አወራን።

"ቅዳሜ ትመጣለህ አይደል?" አለኝ በሩ ላይ። "ፓስክ ማክሰኞ እዘራለሁ ብሏል። የመጨረሻችን ናት።"

"መቼ ቀርቼ አውቃለሁ?"

ኦክቶበር 3

ሙዚየም። በታምሲን ጠረጴዛ ላይ አራቱንም የፈረስ ጫማ ከነማስታወሻዬ አስቀመጥኩ።

"የሰጠሁሽን ሦስት ቦታ ሰርዢው።"

"የተሳሳቱት ሳንቲሞቹ ናቸው ወይስ ቦታው?"

"ሳንቲሞቹ እውነተኛ ናቸው። መሬቱም እውነተኛ ነው። መሃላቸው ያለው ሰው ነው ስሕተቱ። እሱም እኔ ነኝ።"

"ሰው ነው የቀበራቸው?" አለች።

"መጠየቁ ያንቺ ሥራ ነው። አለመመለሱ የኔ።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ልዋሻት አልችልም፣ ወዳጄንም አሳልፌ አልሰጥም። በሕይወቴ እውነትን እንደ ቀጥ ያለ መስመር ነበር የማያት፤ ዛሬ መታጠፊያ ያለው ሆኖ አገኘሁት፣ ዕድሜዬን ከጨረስኩ በኋላ።

"ምክንያት መጻፍ አለብኝ፣ ሚስተር ላርተር። ባዶ አይተውም።"

"ጻፊ እንግዲህ። ፈላጊው ጆሮው አይሰማም፤ ለማንም አልተናገረም፤ ለራሱም ጭምር።"

አልጻፈችውም። "በፈላጊው ጥያቄ ተሰርዟል" ብላ ጻፈች። ሳንቲሞቹን በየከረጢታቸው መልሳ ስትሰጠኝ ፊቷን ወደኔ አዙራ፣ አፏን ከፍታ፣ ቃል በቃል "እርስዎ የሰጡኝን ሌላውን ሁሉ አምናለሁ" አለችኝ። ጎበዝ ልጅ ናት። ባለፈው ያልኩትን እመልሳለሁ።

አምስቱን ገጽ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ኢኒድ ለማኅበሩ ደውላ ሆራስ አያነብም አለች።

ኦክቶበር 4፣ ቅዳሜ

መሳቢያውን ከፈትኩ። ገመድ፣ አሮጌ ቁልፍ፣ የሻማ ቁራጭ፣ ከሥራቸው በጸደይ ሐኪም ቤት የሰጡኝ ጥንድ የመስሚያ መሣሪያ፣ ከነሳጥኑ። መልበሱ ቀላል ነው። ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ወራት የታገልኩት።

ኢኒድ ከኋላዬ ዳቦ እየቀባች በለሆሳስ "ግትር ሽማግሌ" አለች።

"ሰማሁሽ" አልኳት።

ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። እሱንም ሰማሁት፤ ጆሮ ይቀድዳል። መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ። ከዚያ ቁርሴን ሰጠችኝ። ጥርሷ ምንም አልሆነም። አንድም ቃል አታኝክም።

የማሳው በር ላይ ስደርስ ክሌም አየኝ፤ ቀርቦ ጎኔን አየ።

"ጆሮህ ላይ ባቄላ በቀለ እንዴ?"

"ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ።"

የታጨደው ስንዴ ጉቶ ከጫማዬ ሥር ይንኮሻኮሻል፤ እንዲህ ይጮህ እንደነበር ረስቼው ነበር። ብዙም ሳልሄድ መጣች፣ ቀጭኗ። እንደ ጫጩት። ቆምኩ። መሣሪያውን መለስኩት፣ ደግማ መጣች። ለመጎንበስ አልቸኮልኩም። ሁሉም ነገር ሊሆን የሚችልበት ጊዜ ነውና ትንሽ ቆየሁበት።

ቆፈርኩ። የቢራ ቆርቆሮ ቁራጭ።

"ምንድን ነው?" ብሎ ክሌም ከወዲያ ማዶ ጮኸ።

"ቆርቆሮ!"

"ታዲያ ምን ያስቅሃል?"

"አልሳቅኩም!"

ሻይ ላይ ሳንቲሟን በፔርሙዙ ክዳን ላይ፣ ፊት ለፊቱ አስቀመጥኳት። አገጯ ወደ ላይ ሆኖ።

"ይህቺ የዶሪን ናት" አልኩት። "ከእንግዲህ ከቆርቆሮህ እንዳትወጣ።"

አልነካትም። ሻዩን አስቀመጠ።

"ተናደድክ?"

"በጣም።"

"ትቀራለህ ብዬ ነው" አለ። "ሌላ መላ አላገኘሁም።"

"ሦስቱን ከየት እንዳገኘሃቸው ሄደህ ለታምሲን ታስመዘግባለህ። እውነተኛውን ቦታ። ማንም ምንም አይጠይቅህም።"

"እሺ አለቃ።"

"ሰው ስታታልል ደግሞ የአባትህን ብረት አታምጣ። ልጅቷ ገና ስታየው ነቃች።"

አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ሳንቲሟን በጥጥ ጠቀለላት፣ ቆርቆሮው ውስጥ ከተታት፣ ቆርቆሮውን ኪሱ።

"መሣሪያውን ትሸጠዋለህ?"

"ጆሮዬን ገና ማግኘቴ ነው። ምን ያቻኩለኛል?"

ከዚያ ተነስተን ወደየመስመራችን ሄድን። ፓስክ መዝሪያውን ከትራክተሩ ጋር አያይዞ በሩ ላይ አቁሞታል። እስኪመሽ ድረስ ሌላ ሚስማር አገኘሁ፣ የደወል ምላስ የመሰለ ነገርም፤ ብር የለም።

ክሌም ከኋላዬ ያፏጫል። ለካ አቋርጦ አያውቅም ነበር። መዝሙሩ ያው ነው፣ እዚያች ቦታ ሲደርስም እንደ ድሮው ዜማውን ይስታል። ዝም በል አላልኩትም።